ሥዕል የሌለበት ቦታ፦ የጃፓን ጎራዴ ዕቃዎችን ስለ መመዘን

ጥንታዊ የጃፓን ጎራዴ ዕቃ እጁ የገባለት ሰው ዓይኑ የሚሄድበት መንገድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ ወርቁን ያያል፣ ቀጥሎ ሥዕሉን፣ ከዚያ የሠሪውን ስም ይፈልጋል። ሻጮችም ዕቃውን የሚያስተዋውቁት በዚሁ ተራ ነው። እኔ የምመክረው የተገላቢጦሹን ነው። ዘንዶውም አበባውም ይቆዩ፤ ስሙማ ከሁሉም በኋላ ይምጣ። መጀመሪያ መታየት ያለበት ምንም ያልተሳለበት ቦታ ነው፤ ጠፍጣፋው መደብ፣ የቀዳዳዎቹ የውስጥ ግድግዳ፣ የጌጡ ጀርባ። ሥዕል ደካማ እጅን ይሸፍናል፤ ባዶ መደብ ግን ሠሪውን ራቁቱን ያወጣዋል።

የምናወራው ስለ የትኞቹ ዕቃዎች እንደሆነ ባጭሩ ላስቀምጥ። ጹባ በእጀታውና በስለቱ መካከል የሚገባው ጠፍጣፋ የእጅ መከላከያ ነው፤ ለረጅሙ ጎራዴ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 8.5 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ፉቺ የእጀታውን አፍ አጥብቆ የሚይዝ ቀለበት ሲሆን ካሺራ የእጀታው ጫፍ ቆብ ነው። መኑኪ በእጀታው ግራና ቀኝ፣ ከሚጠመጠመው ጥብጣብ ሥር የሚገቡ ጥንድ ትናንሽ ጌጦች ናቸው። ኮዙካ በአፎቱ ጎን የምትሰካ የትንሽ ቢላዋ እጀታ ናት፤ በሌላው ጎን ደግሞ ፀጉር ለማስተካከል የምትሆን ኮጋይ የምትባል ቀጭን ዘንግ ትሰካለች።

እነዚህ ሁሉ የሚነቀሉና የሚቀያየሩ ናቸው። አንድ ስለት ለቤተ መንግሥት የሚሆን አንድ ሙሉ ዕቃ፣ ለዘወትር የሚሆን ሌላ ሊኖረው ይችል ነበር። በማርች 1876 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሜጂ መንግሥት ከወታደር፣ ከፖሊስና በሥነ ሥርዓት ላይ ከሚገኙ ባለሥልጣናት በቀር ማንም ጎራዴ ታጥቆ በአደባባይ እንዳይታይ ከለከለ። ከዚያ በኋላ ስንትና ስንት ዕቃ ከስለቱ ተነቅሎ ወደ ኤውሮፓና ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት፣ በኦክስፎርዱ አሽሞሊያን፣ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ በጄኔቫው የባውር ስብስብ ጹባዎች ያለ ስለት ብቻቸውን ተደርድረው የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንባቢ ባልቲሞር ድረስ ብቅ ቢል የዎልተርስ ሙዚየም ትልቅ ስብስብ አለው፤ መግቢያውም ነፃ ነው። ዓይን የሚሠለጥነው ጥሩውን ደጋግሞ በማየት ስለሆነ ከመግዛት በፊት እዚያ መመላለስ ይሻላል።

ለማየት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። አሥር እጥፍ የምታጎላ መነጽርና ከጎን የሚመጣ አንድ ብርሃን ይበቃል። ከኮርኒስ የሚወርድ ነጭ መብራት መደቡን ያጠፋዋል፤ ከጎን የሚመጣው ግን እያንዳንዷን እብጠትና ጉድጓድ በጥላዋ ያወጣታል። ጹባ የሚያዘው በጠርዙ ነው፣ ያውም ለስላሳ ጨርቅ ከተነጠፈ በኋላ። የጣት ላብ ጨው አለው፤ ብረት ደግሞ ጨውን አይረሳም።

ከብረት እንጀምር፤ ብዙ ሰብሳቢዎች በወርቅ ጀምረው የሚጨርሱትም በብረት ነው። ጥሩ የብረት ጹባ ጥቁር ነው ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ምድጃ ላይ የከረመ ብረት ምጣድም ጥቁር ነው። የጥሩ ጹባ ጥቁረት ጥልቀት አለው፤ ከጎን ብርሃን ፊት ሲዞር አንዴ ወደ ወይን ጠጅ፣ አንዴ ወደ ጠቆር ያለ ቡናማ ያዘነብላል። ወዝ አለው። ሻጭ የቀባው ዘይት አንድ ቦታ ላይ ብልጭ ይላል፣ ጉድጓድ ውስጥም ይጠራቀማል፤ ወዝ ግን በገጹ ሁሉ ላይ እኩል ይተኛል። ይህ መልክ ከሦስት ነገር ይመጣል። አንደኛው የብረቱ ጥራትና የአቀጣቀጡ ብስለት ነው። ሁለተኛው ሠሪው ራሱ አስቦበት ያሳደረበት ጥቁር የዝገት ሽፋን ነው፤ ቀይ ዝገት ብረትን ይበላል፣ ጥቁሩ ግን ይጠብቀዋል። ሦስተኛው ዘመን ነው፤ በጨርቅና በእጅ ለትውልዶች መታሸት። ሦስተኛውን አስመሳይ በአሲድ ሊያስመስለው ይሞክራል፣ የመጀመሪያው ከሌለ ግን አሲዱ ደረቅና ትቢያ የለበሰ የሚመስል ጥቁር ብቻ ይተውለታል።

ከዚያ የመዶሻው ምት አለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በሞሞያማ ዘመን ይሠራ የነበረው ኖቡኢዬ በብረት ጹባ ስማቸው ከሚነሣው ሁሉ ፊት የሚሰለፍ ነው። ሥራዎቹ ላይ የሚታየው ሥዕል ጥቂት ነው፤ የኤሊ ድንጋይ የመሰለ መስመር፣ አንዳንዴ ጥቂት ፊደል፣ አንዳንዴ ሐረግ። ኃይሉ ያለው ሳህኑ ላይ ነው። ብረቱ ከመሐል ወደ ጠርዝ ተገፍቶ ጠርዙ ላይ ወደ ላይ ተመልሶ ተቀጥቅጧል፤ ስለዚህ ጠርዙ ወፈር ብሎ ይነሣል፣ መሐሉ ረጋ ያለ ሞገድ ይዞ ይቀራል። እዚያ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ምት ብረቱን ወደ አንድ ቦታ ለመውሰድ የተመታ ነው። በኋለኛ ዘመን ማስመሰያ ላይ ግን ምቱ ጌጥ ሆኖ ተደርድሯል፤ አንዱ ከሌላው እኩል፣ ርቀቱ እኩል፣ ጠርዝ ሲደርስም ምንም የማይለወጥ። ይህን ልዩነት አንድ ጊዜ ያየ ዓይን ከዚያ በኋላ በቀላሉ አይታለልም።

በኦዋሪ ግዛት የተሠሩ ጥንታዊ ጹባዎች ጠርዝ ላይ ቴኮጹ የሚባሉ ትናንሽ ጉብታዎች ይታያሉ። ለስላሳና ጠንካራ ብረት ተደባልቆ ሲቀጠቀጥ ጠንካራው ጎልቶ ሲቀር የሚፈጠሩ ናቸው፤ ሰብሳቢዎችም ይወዷቸዋል። በጣት ሲዳሰሱ ልስልስ ያሉና ከጠርዙ ጋር አንድ አካል ሆነው የሚወጡ መሆን አለባቸው። ጥፍር የሚይዙ ሻካሮች ከሆኑ ወይ ዝገት ናቸው ወይ በቅርብ የተቆረቆሩ።

ኦዋሪና ኪዮቶ በይበልጥ የሚታወቁት በፍልፍል ሥራ ነው፤ ውስጡ ተቆርጦ ወጥቶ ሥዕሉ በቀረው ብረት የሚታይበት ዓይነት። የኪዮቶው መስመር ቀጭንና ለስላሳ ነው። የኦዋሪው ሰፋ ያለ፣ ግራ ቀኙ የተመጣጠነ፣ ደረቱን የነፋ ነው። ሁለቱንም የምንመዝንበት ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ የቀረው መስመር ውጥረት አለው ወይስ ልል ነው? የወፍ ክንፍ ከመሐል ተነሥቶ ጠርዙን እስኪነካ ስፋቱ ያለ ምክንያት ከተለዋወጠ፣ መስመርና መስመር የሚገናኙበት ማዕዘን ሞረድ አልፎ የበላው ከሆነ፣ ሠሪው ንድፍ ይከተል ነበር እንጂ ንድፉን አያውቀውም ነበር። ሌላው የሚረሳው ነገር የወጣው ቦታ ቅርጽ ነው። በጥሩ ፍልፍል ሥራ ላይ ብረቱም፣ ብረቱ የሌለበት ክፍተትም ሁለቱ እኩል የታሰቡ ናቸው። ጹባውን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ብረቱን ትታችሁ ነጩን ብቻ ተመልከቱ። ነጩ አስቀያሚ ከሆነ ሥራው አላለቀም።

የሂጎ ግዛት ሥራ ለብቻው መነገር አለበት፤ እዚህ ላይ ማዳላቴን አልደብቅም። የሆሶካዋ ቤት አለቃ የነበረው ሆሶካዋ ታዳኦኪ (1563–1646) የሻይ ሥነ ሥርዓት መምህር የሴን ኖ ሪኪዩ ደቀ መዝሙር ነበር። በዚህ ቤት ጥላ ሥር ሂራታ፣ ሺሚዙ፣ ኒሺጋኪና ሃያሺ የተባሉ አራት የሠሪ ቤተሰቦች አበቡ። የሻይ ቤቱ ጣዕም ብረቱ ውስጥ ገብቷል፤ ጩኸት የለም፣ ጌጡ ከሚጠበቀው በታች ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሠራው ሃያሺ ማታሺቺ ጠመንጃ ከሚሠሩ ቤተሰቦች የወጣ ነው፤ ብረቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ እርጥበት ያዘለ የሚመስል ነው። ስሙን የቀረጸባቸው ሥራዎች ጥቂት ናቸው፤ ስም ባይኖርም ብረቱን ለይተው የሚያውቁ ነበሩ፣ አሁንም አሉ። ጥሩ የሂጎ ሥራዎች ቶኪዮ ባለው በሆሶካዋ ቤተሰብ ኤይሴይ ቡንኮ ሙዚየም ይገኛሉ።

በገበያው ላይ የሞላው አደጋ ግን በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው። ጥንታዊ ጹባ ይቀጠቀጣል፣ ከዚያ በመሮ፣ በመጋዝና በሞረድ ይቆረጣል። በቅርጽ የፈሰሰውን የሚያጋልጠው የፍልፍሉ የውስጥ ግድግዳ ነው። እውነተኛው ላይ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ቀጫጭን የሞረድ መስመሮችም ይታዩበታል። በፈሰሰው ላይ ግድግዳውና ገጹ አንድ ዓይነት ሻካራ ቆዳ አላቸው፣ ጠርዞቹ ሁሉ የሟሙ ይመስላሉ፣ በግድግዳው ወገብ ላይ ሁለቱ የቅርጹ ግማሾች የተገናኙበት ቀጭን መስመር ሊኖር ይችላል፣ የአየር አረፋ የተወው ጥቃቅን ቀዳዳም እንዲሁ። ሻጩ በጥፍሩ መትቶ ድምፁን ቢያሰማችሁ አትስሙት፤ ድምፅ ብዙ ነገር ይለውጠዋል።

የመሐሉን ቀዳዳ ደግሞ እዩ፤ የስለቱ ሥር የሚያልፍበትን። ጹባው ከአንድ ስለት ወደ ሌላ ሲዛወር ቀዳዳው ላይና ታች ለስላሳ መዳብ ይሸጎጥበት ነበር፤ ዙሪያውንም በመሮ መትተው ያጠቡት ነበር። ስለዚህ መዳቡና የመሮ ምቱ የኖረበት ምልክት ናቸው። ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ሞላላ ቦታ በሁለቱ ፊት በመታጠቂያ ሳህኖች ስለሚጠበቅ ቀለሙ ከቀረው መደብ ትንሽ ይለያል። ይህ ሁሉ ሊመሳሰል ይችላል። ምንም ስለት ያላለፈበት፣ አንድም ምት የሌለበት ቀዳዳም የግድ መጥፎ ዜና አይደለም፤ ከሜጂ በፊት በነበረው በኤዶ ዘመን መጨረሻና በሜጂ ዘመን ከመጀመሪያውም ለሰብሳቢ የተሠሩ ጥሩ ጹባዎች አሉ።

ወደ ለስላሳ ማዕድኖች ስንሻገር ዓይን መለማመድ ያለበት ቀለምን ነው። ሻኩዶ መዳብ ላይ ጥቂት ወርቅ፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ፣ ገብቶበት የሚቀልጥ ቅይጥ ነው። ሺቡኢቺ የመዳብና የብር ቅይጥ ሲሆን ብሩ በስሙ መሠረት ሩብ ነው፣ በተግባር ግን ከሩብ ያነሰበት ብዙ ነው። ሁለቱም ከእሳት ሲወጡ ቀለም የላቸውም፤ ሻኩዶ ተራ መዳብ ይመስላል። ቀለሙ የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ዕቃው በሚገባ ይጸዳል፣ ዳይኮን የሚባለው የጃፓን ፍጅል ጭማቂ ይነካዋል፣ ከዚያ የመዳብ ሰልፌትና የመዳብ ዝገት በተበጠበጠበት ውኃ ይቀቀላል። የሚያስደንቀው አንድ ውኃ በአንድ ዕቃ ላይ ለየማዕድኑ የተለያየ ቀለም መስጠቱ ነው፤ ሻኩዶው ይጠቁራል፣ ሺቡኢቺው ግራጫ ወይም አመዳም ቡናማ ይሆናል፣ ንጹሑ መዳብ ይቀላል፣ ወርቁ ወርቅ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አንጥረኛው ገና ቀለሙ ሳይወጣ የመጨረሻውን ሥዕል በአእምሮው እያየ ይሠራ ነበር።

ጥሩ ሻኩዶ ጥቁር ብቻ አይደለም፤ ጥቁሩ ላይ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ጥላ አለው። ወርቅ ያነሰበት ወይም በደንብ ያልተቀቀለው ወደ ቡናማ ያዘነብላል፤ ቀለም የተቀባ አስመሳይ ደግሞ ምንም ጥላ የሌለው ድፍን ጥቁር ነው። የቀለሙ ሽፋን እጅግ ስስ መሆኑን ልብ በሉ። ለዚህም ነው ብዙ ሻኩዶ ከፍ ያሉት ነጥቦቹ ላይ ወደ መዳብነት የተመለሰው፤ በዘመናት መዳሰስ የሆነ ከሆነ መልኩ ለስላሳ ሽግግር አለው፣ በብረት ማጽጃ ቅባት የሆነ ከሆነ ድንበሩ ድንገተኛ ነው፣ በጉድጓዶቹም ውስጥ ነጭ የቅባት ቅሪት ይገኛል።

በሻኩዶ ላይ የእጅ ፈተናው ናናኮ ነው። ጫፉ የጎደጎደ ትንሽ መምቻ በመዶሻ እየተመታ በመደቡ ላይ አንዲት ክብ ፍሬ ያወጣል፤ ከጎኗ ሌላ፣ ከጎኗ ሌላ፣ ረድፍ በረድፍ። በጥሩ ሥራ ላይ ፍሬዎቹ ከጤፍ ያነሱ ናቸው፤ በአንድ ጹባ ላይ በሺዎች ይቆጠራሉ። የተሳሳተች አንዲት ምት አትፋቅም። ይህን ብቻ የሚሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ጹባው ላይ የሚፈርመው ሰው መደቡን ራሱ ያልመታበት ጊዜ ብዙ ነው።

ናናኮን በአጉሊ መነጽር ስታዩ መሐሉን አትመኑ፤ መሐል ላይ ሁሉም ጥሩ ይመታል። ረድፉ ተቸግሮ የሚያልፍባቸውን ቦታዎች ፈልጉ፤ ከተነሣው ሥዕል ሥር፣ ከኮዙካ ማለፊያ ቀዳዳው ጥምዝ ጎን፣ ጠርዙ ላይ። ጥሩ እጅ የመጨረሻዋን ፍሬ ሙሉ ክብ አድርጎ ከሥዕሉ ግርጌ ጋር ያጋጥማታል። ደካማው እዚያ ሲደርስ ግማሽ ፍሬ ይመታል፣ ወይም አንዷን በሌላዋ ላይ ይደርባታል፣ ወይም ባዶ ሽንቁር ትቶ ይሄዳል። ብርሃኑን ከጎን አድርጋችሁ ስታዞሩት ረድፎቹ በአንድነት እንደ ውኃ መብረቅረቅ አለባቸው፤ የተዛባ ረድፍ ካለ ብርሃኑ እዚያ ላይ ይሰበራል። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን በተሠሩ ዕቃዎች ናናኮ ላይ ግን ትንሽ አለመስተካከል የተለመደ ነው፤ ፍሬዎቹ ግን ጎላ ብለው የቆሙ ናቸው። በፋብሪካ ማተሚያ የወጣ ናናኮ በተቃራኒው ያለ እንከን የተስተካከለ ሆኖ የፍሬዎቹ ራስ ጠፍጣፋ ነው።

ሻኩዶ፣ ናናኮና የወርቅ ዘንዶ ሲነሣ የጎቶ ቤት ይነሣል። መሥራቹ ጎቶ ዩጆ (1440–1512) የሾጉኑ (የአገሩ ወታደራዊ ገዢ) የአሺካጋ ዮሺማሳ አንጥረኛ ነበር፤ ዋናው የዘር ሐረግ ለ17 ትውልድ ዘለቀ። ቤቱ ከጎራዴ ዕቃ ውጭ ትልቁን የወርቅ ገንዘብ ኦባንንም በገዢዎቹ ትእዛዝ ይሠራ ነበር። በኤዶ ዘመን መኳንንት ወደ ሾጉኑ ግቢ ሲገቡ አፎቱ ጥቁር፣ ዕቃው ሻኩዶ በናናኮ፣ ከተቻለም የጎቶ እጅ መሆን ነበረበት። ይህ የክብር ደንብ ለመመዘን ችግር ይፈጥራል፤ ደንብ ሥራን ያደርቃል። በቀደሙት ትውልዶች ዘንዶው ሥጋ አለው፣ ከመደቡ ተነሥቶ ሊወጣ ነው። በኋለኞቹ አንዳንድ ሥራዎች ላይ ቅርፊቱ ይበልጥ ተጠንቅቆ የተቀረጸ ነው፣ አውሬው ግን ተኝቷል። ጥንቃቄና ሕይወት ለየብቻ የሚመዘኑ ነገሮች ናቸው፤ ገበያው ብዙ ጊዜ ለጥንቃቄ ይከፍላል።

መኑኪ ላይ ጀርባውን ሳያዩ ፍርድ መስጠት አይቻልም። የቀድሞ ጌቶች ስስ ሉህ ከኋላ እየገፉ፣ ከፊት እየጫኑ ነበር የሚያወጡት፤ ስለዚህ ጀርባው የፊቱን እብጠት በጉድጓድ ይከተላል፣ ውፍረቱም በየቦታው ተመጣጣኝ ነው። ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሲገባ ጌጡ ከእጀታው ላይ ተነሥቶ የቆመ ያስመስለዋል። በቅርጽ የፈሰሰ መኑኪ ጀርባው አሸዋማ ነው፣ የፊቱ ጥልቅ ቦታዎችም የደነዘዙ ናቸው። ጥንዱን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ አንደኛው አንበሳ አፉን ከፍቶ ሌላው ሊዘጋ ይችላል፣ አካሄዳቸውም ይለያያል። የአንዱ ግልባጭ ሌላው ከሆነ ሠሪው ድካሙን ግማሽ አድርጎታል።

የጎቶን ደንብ የሰበረው ዮኮያ ሶሚን (1670–1733) ነው። ለሾጉኑ የሚሠራ ቤት ልጅ ሆኖ ደሞዙን ትቶ በኤዶ ከተማ (በዛሬዋ ቶኪዮ) ለሚከፍለው ሁሉ መሥራት ጀመረ። ካታኪሪ የሚባለውን አቀራረጽ ያስከበረው እሱ ነው፤ መሮው አንዱን ጎን ቀጥ አድርጎ፣ ሌላውን አዝንብሎ ይቆርጣል፣ መስመሩም እንደ ቀለም ብሩሽ ይወፍራል ይሳሳል። ይህ ለተመልካች ቀላል፣ ለሠሪ ጨካኝ ሥራ ነው። መስመሩ በአንድ ትንፋሽ የወጣ መሆኑን በጫፉ ታውቁታላችሁ፤ ጥሩ ካታኪሪ ሲያልቅ መሮው ከማዕድኑ ላይ ተነሥቶ የሄደበት አቅጣጫ ይታያል። ተደጋግሞ የተሞረሞረ መስመር ወለሉ ላይ ደረጃ ደረጃ ይኖረዋል። በዚያው ዘመን ናራ ቶሺናጋ፣ ጹቺያ ያሱቺካና ሱጊኡራ ጆኢ የናራ ቤት ሦስቱ ጌቶች ተብለው ይጠሩ ነበር፤ ከሦስቱ ያሱቺካ ለኔ የበላይ ነው፣ አንድን ማዕድን ከሌላው ጎን ማስቀመጥ የሚያውቅ እንደሱ አላየሁም።

ወርቁ አሁን ይምጣ። ብረት ላይ ወርቅ የሚገጠምባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ብረቱ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ የጉድጓዱ ከንፈር ወደ ውስጥ ተዘንብሎ፣ ወርቁ ተቀጥቅጦ የሚገባበት ነው። ሌላው ብረቱ በመሮ ጥርብ ጥርብ ተደርጎ ስስ ወርቅ የሚለጠፍበት ነው፤ ይሄኛው ሲያረጅ ይላጣል፣ የተላጠበት ቦታም የመሮው ጥልፍልፍ ይታያል። መላጡ ነውር አይደለም፤ ሥር ጥልፍልፍ አለመኖሩ ነው ነውሩ። በኤሌክትሪክ የተለበጠ ወርቅ የሚታወቀው ጉድጓድና ጉብታ ሳይለይ ሁሉ ጋ በመግባቱ ነው። ሰው የተቀረጸበት ዕቃ ከሆነ ደግሞ ዓይኑንና ጣቶቹን እዩ። ፊቱ ከምስር አይበልጥም፣ ግን የጥሩ እጅ ሰው ወደ አንድ ነገር ያያል።

ንድፍን በተመለከተ አንድ ሰው ብቻ ልጥራ። በኪዮቶ አቅራቢያ በፉሺሚ የሠራው ካኔኢዬ ስስ የብረት ጹባ ላይ በቀለም ሥዕል ዓይነት መልክዓ ምድርን ያስገባ የመጀመሪያው ታላቅ እጅ ነው። ጥቂት ተራራ፣ አንድ ጀልባ፣ ጥቂት የወርቅና የብር ነጥብ፣ የቀረው ብረት። ውኃውም ጭጋጉም ያው ብረቱ ነው። የጹባው ዋና ፊት ወደ እጀታው የሚያየው ነው፤ ጀርባው ከፊቱ የሚቀጥል አንድ ነገር ይዞ ሲገኝ፣ ለምሳሌ የመንገዱ ሌላ ጫፍ፣ ሠሪው ሁለቱን ፊት አንድ ቦታ አድርጎ አስቦታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ለውጭ ገበያ የተሠራው አብዛኛው ዕቃ ይህን ረስቷል፤ ጣት የሚያሳርፍ ባዶ ቦታ የለውም። ካኖ ናጹኦ (1828–1898) ግን በዚያው ዘመን ኖሮ ከዚያ ሁሉ ይለያል። ጎራዴ ሲከለከል ሥራ ካላጡት ጥቂቶች አንዱ ነበር፤ የአዲሶቹን የየን ሳንቲሞች ዘንዶ የቀረጸውም እሱ ነው፤ ጹባዎቹ ላይ ግን አንድ የአበባ ቅርንጫፍ አስቀምጦ የቀረውን መደብ መተው ያውቅበታል።

አሁን ስሙ። ኖቡኢዬ፣ ካኔኢዬ፣ ሶሚን፣ ናጹኦ፤ ታዋቂ ስም ሁሉ በሐሰት ተቀርጿል፤ ያውም ዛሬ ሳይሆን ከጥንት ጀምሮ። ጥንታዊ የፍልፍል ጹባዎች በአብዛኛው ስም የላቸውም፤ የቀደሙት ጎቶዎችም አይፈርሙም ነበር፣ የኋላ ዘሮቻቸው ናቸው ሥራውን መርምረው የአያታቸውን ስም ከራሳቸው ፊርማ ጋር የቀረጹት፣ በወረቀትም የመሰከሩት። የዚያ ወረቀት ዋጋ ግን እንደ ፈራሚው ዓይን ነው። ሠሪዎቹን ዘርዝሮ የመጻፍ ባህል የቆየ ነው፤ የኢናባ ጹርዩ ሶኬን ኪሾ በ1781 ኦሳካ ላይ ታትሟል። ዛሬ በገበያ የሚታመነው በ1948 የተቋቋመው የጃፓን የጥበብ ጎራዴዎች ጥበቃ ማኅበር የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ነው፤ ሆዞን፣ ቶኩቤጹ ሆዞን፣ ጁዮ እያለ ደረጃው ከፍ ይላል። ወረቀቱ ዕቃው የማን ወይም የየትኛው ቤት እንደሆነ ይነግራል። ሐሰተኛ ስም ያለበት አያልፍም። ግን ሆዞን ያገኘ አሰልቺ ጹባ ሞልቷል፣ ስም የሌለው የኦዋሪ ብረት ደግሞ ግድግዳ ሊያናውጥ ይችላል። ፊርማ ስትመረምሩም ፊደሉን ከመጽሐፍ ፎቶ ጋር ከማስተያየት በፊት የመሮውን ድፍረት እዩ፤ ስሙን ሺህ ጊዜ የቀረጸ ሰው አያመነታም፣ የሚገለብጥ ሰው ግን በየማዕዘኑ ይቆማል።

የዕቃው ጤንነት የመጨረሻው ጉዳይ ነው። የኮጋይ ቀዳዳው በኋላ ዘመን ሰፍቶ ወይም በእርሳስና በሻኩዶ ተደፍኖ ከተገኘ ችግር የለም፤ አንዳንድ ድፍን ከጹባው በላይ ያማረ ነው። መደቡ የለሰለሰ ቢሆንም ይኖራል። ቀለሙ የተፋቀ ሻኩዶ እውነተኛ ባለሙያ ቢያገኝ ተቀቅሎ ይመለሳል፣ ዋጋው ግን ቀላል አይሆንም፣ በቤት ውስጥ መሞከርም ዕቃውን መግደል ነው። ብረት ላይ የተነሣ ትኩስ ቀይ ዝገት በአጋዘን ቀንድ ወይም በአጥንት ቁራጭ ቀስ ተብሎ ተፍቆ በጥጥ ጨርቅ ይታሻል፤ ሥራው ወራት ይወስዳል እንጂ ይሆናል። የማይመለሰው በሽቦ ብሩሽ ወይም በሞተር ድንጋይ የተፋቀ ብረት ነው። ያ ጥቁር ሽፋን ከሄደ የመዶሻው ምት፣ የጠርዙ ጉብታ፣ የሞረዱ መስመር አብረው ይሄዳሉ፤ የሚቀረው በዘይት የጠቆረ ልሙጥ ብረት ነው። እንዲህ ያለው ሲቀርብልኝ የማንም ስም ቢኖርበት ዋጋውን አልጠይቅም።